ጥርሱን እንጂ ዓሣውን ያላየ ሳይንስ

በአገራችን «ቅሪተ አካል» የሚለው ቃል ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ በቀጥታ ወደ አፋር ያመራል። እ.ኤ.አ. በ1974 በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ለኢትዮጵያ ያስገኘችው ክብር ታላቅ በመሆኑ ይህ የሚያስገርም አይደለም። ይሁንና የኢትዮጵያ ዐለት የሚተርከው ታሪክ የሚጀምረው ከሰው ዘር አመጣጥ አይደለም። ድንቅነሽ የኖረችው የዛሬ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ከእርሷ ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ግን፣ ዛሬ ጤፍ የሚዘራበትና ግመል የሚሰማራበት ሰፊ የአገራችን ምድር የባሕር ወለል ነበር። በዐባይ ሸለቆ፣ በመቐለ ዙሪያና በሐረርጌ የሚታየው የኖራ ድንጋይ ከዚያ ባሕር የቀረ ደለል ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው በእነዚያ ጥንታዊ ባሕሮች ዘመን መገባደጃ ላይ ስለኖረ አንድ የዓሣ ወገን ነው። ፕቲኮደስ ይባላል። ዛጎል እየሰበረ የሚመገብ ሻርክ ነበር፤ ዘሩ ከጠፋ ከሰባ ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለ እርሱ ለመጻፍ የተነሣነው እንግዳ እንስሳ አሳይተን አንባቢን ለማስደነቅ ብቻ አይደለም። የዚህ ዓሣ ታሪክ፣ ይበልጡንም ሳይንቲስቶች ዓሣውን ለማወቅ የተጓዙበት ረጅም መንገድ፣ ሳይንስን በየክፍለ ትምህርቱ አጥረን ለምናስተምር ለእኛ ብርቱ ትምህርት አለው። ሐሳባችንን ከወዲሁ በአጭሩ እንግለጽ፦ በአንድ ክፍለ ትምህርት መነጽር ብቻ የተለካ ቁራጭ ነገር፣ ልኬቱ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ስለ ሙሉው ነገር ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ የሳይንስ ፋኩልቲ ሁሉም ክፍለ ትምህርቶች በጋራ የሚያዩት የተፈጥሮ አካላት ስብስብ ያስፈልገዋል። ለእኛ ፋኩልቲ የሚሆነው ስብስብ ደግሞ ከሴቻ አፋፍ ሥር፣ በጫሞ ዳርቻ፣ በየዕለቱ እየተጣለ ነው።

ፕቲኮደስ እንዴት ታወቀ?

ክሬታሺየስ የሚባለው የምድር ታሪክ ዘመን ከ145 እስከ 66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያለውን ጊዜ ይሸፍናል። ስያሜውን ያገኘው ከጠመኔ ነው፤ በአውሮፓ የዚያ ዘመን ባሕር ካነጠፋቸው ዐለቶች ዋነኛው ነጭ ጠመኔ በመሆኑ ነው። በአገራችን በዚያ ዘመን ባሕሩ ከሰሜኑና ከመካከለኛው ክፍል ወደ ደቡብ ምሥራቅ አፈግፍጎ ነበር። በሶማሌ ክልል፣ በሙስታሂል ከተማ ስም የሚጠራው የኖራ ድንጋይ የዚያ ያፈገፈገው ባሕር ምስክር ነው። የእኛው የጋሞ ምድር ግን ከእነዚህ የተለየ ነው፤ ሴቻ የተቆረቆረችበት ዐለት ከእሳተ ገሞራ የወጣና በዕድሜም እጅግ ወጣት በመሆኑ የክሬታሺየስን ባሕር ከእግራችን ሥር ቆፍረን አናገኘውም።

ለፕቲኮደስ ስም ያወጣለት እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ስለ ጥንታዊ ዓሦች ሰፊ ጥናት ያደረገው ስዊዘርላንዳዊው ሉዊ አጋሲ ነው። ስሙ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «እጥፋት ያለው ጥርስ» ማለት ነው። ለአጋሲም ሆነ ከእርሱ በኋላ ለመጡት ተመራማሪዎች ከዓሣው በብዛት የደረሳቸው ጥርሱ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሻርክ አጽም እንደ ቆሮሶና እንደ አምባዛ ጠንካራ አጥንት ሳይሆን ልም አጥንት ነው፤ ልም አጥንት ደግሞ ፈጥኖ ይበሰብሳል። ጥርሱ ግን አፓታይት በተባለ ጠንካራ ማዕድን የተሸፈነ ስለሆነ ሚሊዮን ዓመታትን ይሻገራል። በዚያ ላይ ሻርክ በሕይወት ዘመኑ ጥርሱን እየጣለ በሌላ ይተካል። ስለሆነም አንድ ዓሣ ለሳይንስ ትቶት የሚያልፈው እልፍ ጥርስ እንጂ አንድ ሙሉ አካል አይደለም።

የፕቲኮደስ ጥርስ የምናውቀውን የሻርክ ጥርስ አይመስልም። ሹልና ሥጋ ቆራጭ አይደለም። ዝቅ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ አናቱ ላይ ትይዩ የሆኑ ሸንተረሮች ያሉበት ነው። በአፉ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ጥርሶች እንደ ተነጠፈ ድንጋይ ጎን ለጎን ተሰድረው ይገኛሉ፤ መካከል ላይ ትልልቆቹ፣ ወደ ዳር ትንንሾቹ። ይህን ያየ ተመራማሪ ሁሉ እንስሳው ጠንካራ ነገር ሰብሮ የሚበላ መሆኑን ለመናገር አልተቸገረም፤ ትክክልም ነበር።

የተወቀረ ወፍጮ

እዚህ ላይ የፊዚክስ መምህር ቃል ሊኖረው ይገባል። ዛጎልን መስበር የሜካኒክስ ጥያቄ ነው።

ዛጎል እንደ ሸክላ ሁሉ ሲጫኑት ብርቱ፣ ሲለጥጡት ግን ደካማ ነው። ጉብ ያለ ዛጎል ከላይ በአንድ ቦታ ሲጫን በዚያው ሥር ያለው የውስጥ ገጹ ይለጠጣል። በዚያ ገጽ ላይ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ካለ ውጥረቱ በስንጥቁ ጫፍ ላይ ይከማቻል፤ ከተወሰነ ወሰን ሲያልፍ ስንጥቁ በአንድ ጊዜ ይሮጣል፣ ዛጎሉም ይፈረካከሳል። ተሰባሪ ነገሮች የሚሰበሩበትን ይህን ሕግ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ግሪፊት እ.ኤ.አ. በ1921 ባወጣው የመስታወት ጥናት አስረድቷል። እንግዲህ የሰባሪው ጥበብ ኃይልን ማብዛት ብቻ ሳይሆን ኃይሉን በጥቂት ቦታ ላይ ማሳረፍ ነው።

በቁጥር እንየው። የአንድ ኩንታል እህል ክብደት ወደ 1,000 ኒውተን ይጠጋል። ይህ ኃይል 10 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ልሙጥ ገጽ ላይ ቢያርፍ ግፊቱ 1 ሜጋ ፓስካል ነው። ያው ኃይል በሸንተረር አናት ላይ ብቻ፣ ማለትም በ10 ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ ቢያርፍ ግፊቱ 100 ሜጋ ፓስካል ይሆናል። መንጋጋው አልበረታም፤ ጡንቻው አልጨመረም፤ ነገር ግን የሚያርፈው ግፊት መቶ እጥፍ አድጓል። እናቶቻችን ይህን ሕግ ያለ ቀመር ያውቁታል። ወፍጮ ሲለሰልስ እህሉ ይንሸራተታል እንጂ አይፈጭም፤ ስለዚህ ወፍጮው ይወቀራል። የፕቲኮደስ ጥርስ ተፈጥሮ ራሷ የወቀረችው ወፍጮ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ ጥርሱ ለምን እንደ መርፌ አልሾለም? ሹል ጫፍ ግፊትን ይበልጥ ያከማቻልና ለመስበር የተሻለ ይመስላል። ችግሩ ዛጎሉ የተሸከመውን ያህል ጥርሱም መሸከሙ ነው፤ ሹሉ ጥርስ ዛጎሉን ሳይሰብር ራሱ ይሰበራል። ዝቅ ያለውና ሸንተረር ያለው ቅርጽ በሁለቱ መካከል የተገኘ መላ ነው። ሌላው ጉዳይ የመንጋጋ አሠራር ነው። መንጋጋ ሌቨር ነው፤ መደገፊያ ነጥቡ ከጆሮ ግንድ አጠገብ ያለው መጋጠሚያ ነው። ለመጋጠሚያው ቅርብ በሆነው ጥርስ ላይ የሚያርፈው ኃይል በፊት ጥርስ ላይ ከሚያርፈው ይበልጣል። ጠንካራ የሽምብራ ቆሎ በፊት ጥርሱ ለመስበር የሚታገል ሰው የሌለው ለዚህ ነው።

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ከጥርሱ ቅርጽ ተነሥቶ በወረቀትና በእርሳስ ሊደረስበት የሚችል ነው። አብዛኛውም በጊዜ ብዛት የጸና እውነት ሆኗል። የሚቀጥለው ጥያቄ ግን የፊዚክስ መምህርን ብቻውን ተቀምጦ የሚተወው ነው።

ከጥርሱ ወደ ዓሣው

ዛጎል ሰባሪ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ሳይንቲስቶች አንድ እርምጃ ወደፊት ተራመዱ። ዛጎል ያላቸው ፍጥረታት በብዛት የሚኖሩት የት ነው? ከባሕር ወለል ላይ። በዛሬው ባሕር እንዲህ የተነጠፈ ጥርስ ይዘው ዛጎል የሚሰብሩት እነማን ናቸው? በወለሉ ላይ የሚኖሩ ጠፍጣፋ ሬዮችና ዝግ ያሉ ሻርኮች። በሰሜን አሜሪካ፣ በካንሳስ የጠመኔ ዐለት ውስጥ የፕቲኮደስ ጥርስ በሚገኝበት ዐለት ከአንድ ሜትር በላይ ስፋት ያላቸው ኢኖሴራመስ የተባሉ ግዙፍ ዛጎሎች መገኘታቸውም ይህን ግምት ደገፈው። በዚህ መንገድ ፕቲኮደስ በብዙ መጻሕፍት ውስጥ በባሕር ወለል ላይ ቀስ እያለ የሚንፏቀቅ፣ የተኛ ዛጎል የሚለቅም ዓሣ ሆኖ ተሣለ። ከሻርክም ሆነ ከሬይ የትኛው ቤተሰብ እንደሆነ ግን ከመቶ ሰማንያ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖረ።

መልሱ የመጣው ከሜክሲኮ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ሜክሲኮ፣ በኑዌቮ ሌዮን ግዛት፣ ቫዬሲዮ የተባለች ሥፍራ አለች። በዚያ ዕድሜው 93 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነ፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚገለጥ ስስ ንጣፍ ያለው የኖራ ድንጋይ ለግንባታ ይፈለጣል። ድንጋይ ፈላጮቹ ንጣፉን ሲገልጡ ከመካከሉ ዓሦች ይወጡ ጀመር። ከእነዚህም ውስጥ ጥርሱ ብቻ ሳይሆን መላ አካሉ፣ የክንፎቹ አቀማመጥና የገላው ዙሪያ ቅርጽ ሳይቀር ታትሞ የቀረ ፕቲኮደስ ተገኘ። በፈረንሳዊው ሮማን ቩሎ የሚመራ የተመራማሪዎች ቡድን ጥናቱን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በእንግሊዝ የሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ላይ አወጣ።

የታየው ዓሣ ሰዎች ሲሥሉት ከኖሩት እጅግ የተለየ ነበር። ፕቲኮደስ ዛሬ ታላቁ ነጭ ሻርክ የሚገኝበት ወገን አባል ነው። ገላው እንደ ጦር ተቀርጿል፤ በሰፊው ባሕር መካከል በፍጥነት የሚዋኝ አዳኝ ነበር። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት ምግቡ በወለል ላይ የተኛ ዛጎል ሳይሆን፣ እንደርሱው በውኃው መካከል የሚዋኙ፣ አሞናይት የተባሉ ጥቅል ዛጎል ያላቸው እንስሳትና የባሕር ኤሊዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። ትልልቆቹ ዝርያዎች እስከ 10 ሜትር ገደማ ይረዝሙ እንደነበር ይገመታል። ዳይኖሰሮችን ካጠፋው የ66 ሚሊዮን ዓመቱ ጥፋት 10 ሚሊዮን ዓመት ያህል ቀድሞ መጥፋቱም ሌላ ጥያቄ ቀሰቀሰ፤ እንደ ሞሳሶር ካሉ የባሕር ተሳቢ እንስሳት ጋር በምግብ መሻማቱ ሳያጠፋው አልቀረም የሚል ሐሳብ ቀርቧል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ጥርሱ አልዋሸም። ዛጎል ሰባሪ ነኝ ብሎ ነበር፤ ዛጎል ሰባሪም ነበር። የሳተው ከጥርሱ በኋላ የተጨመረው ሐሳብ ነው፦ «ዛጎል ሰባሪ ከሆነ የወለል ነዋሪ ነው፤ የወለል ነዋሪ ከሆነ ዘገምተኛ ነው» የሚለው። ፍጥነት በጥርስ ላይ አይጻፍም። ፍጥነት የሚጻፈው በገላ ቅርጽ ላይ ነው። አንድ ዋናተኛ ፍጥነቱን እጥፍ ሲያደርግ የውኃው ተቃውሞ አራት እጥፍ ይሆናል፤ በየሰከንዱ የሚያወጣው ጉልበት ደግሞ ስምንት እጥፍ ያድጋል። ይህን ዋጋ መክፈል የሚችለው ውኃን በትንሽ ተቃውሞ የሚሰነጥቅ አካል ብቻ ነው። ያንን አካል ማንም አላየም ነበር።

በፊዚክስ ከውጤት ተነሥቶ ወደ መንስኤ መመለስ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ እናስተምራለን። አንድ ዓይነት ልኬት ከብዙ የተለያዩ መንስኤዎች ሊመነጭ ይችላል፤ ትክክለኛውን ለመለየት ሌላ ዓይነት፣ ከመጀመሪያው ጋር ያልተጣበቀ ማስረጃ ያስፈልጋል። ለፕቲኮደስ ያን ማስረጃ ያመጡት ድንጋይ ፈላጮች ናቸው። ከዚያ በኋላም የዐለት ሊቅ፣ የዓሣ ሊቅና የእንቅስቃሴን ሕግ የሚያውቅ ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ ነበረባቸው።

ምግቡ የሚቀርጸው ጥርስ

ይህ ሁሉ የሩቅ ዘመን ወሬ የሚመስለው አንባቢ ካለ አንድ የቅርብ ምሳሌ እንጨምር። በቪክቶሪያ ሐይቅና በአካባቢው አስታቶሬኦክሮሚስ የተባለ፣ ከእኛው ቆሮሶ ጋር የአንድ ቤተሰብ የሆነ ዓሣ አለ። የዚህ ቤተሰብ ዓሦች ከአፋቸው መንጋጋ ሌላ በጉሮሯቸው ውስጥ ሁለተኛ መንጋጋ አላቸው። አስታቶሬኦክሮሚስ በጉሮሮው መንጋጋ ቀንድ አውጣ እየሰበረ ይመገባል። የቢልሃርዝያ በሽታን ተሸክመው የሚያስተላልፉት የውኃ ቀንድ አውጣዎች በመሆናቸው፣ ባለፈው ክፍለ ዘመን ይህ ዓሣ በኬንያና በካሜሩን በኩሬዎች ውስጥ ተለቅቆ ቀንድ አውጣዎቹን እንዲያጠፋ ተሞክሮ ነበር።

ውጤቱ እንደተጠበቀው አልሆነም። ለስላሳ ምግብ በሞላበት ኩሬ ውስጥ ያደጉት ዓሦች የጉሮሮ መንጋጋቸው ቀጠነ፤ ወፍራሙ ሰባሪ ጥርስ በስስ ጥርስ ተተካ፤ ቀንድ አውጣውንም ተዉት። ዓሣው ያው ነው፤ ዘሩም ያው ነው። ጥርሱን የሠራው ግን ዘሩ ብቻ ሳይሆን ያደገበት ምግብም ነበር። ስለዚህ ከአንድ ሐይቅ የተወሰደ አንድ ጥርስ ስለ ዝርያው ሁሉ አይመሰክርም። ከብዙ ቦታ፣ ከብዙ ዕድሜ፣ ከብዙ ወቅት የተሰበሰበ ናሙና ያስፈልጋል።

ቢልሃርዝያ በአባያና በጫሞ ዙሪያ ለሚኖሩ ልጆች የሩቅ ወሬ አይደለም። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውና ከዚያ ተነሥተው እንዶድን ለቀንድ አውጣ ማጥፊያነት ማጥናታቸው የታወቀ ነው። ያ ግኝት የተገኘው ሰው በየቀኑ የሚያልፍበትን ነገር ቆም ብሎ ከማየት ነው። እኛስ በየቀኑ የምናልፈው ምንድን ነው?

ከሴቻ አፋፍ ሥር

ከሴቻ አፋፍ ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ጫሞና አባያ፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ ይታዩታል። ከጫሞ የሚወጣው ዓሣ የአርባ ምንጭ ምግብ ቤቶች መታወቂያ ነው፤ ለብለቡን ሳይቀምስ የሚሄድ እንግዳ የለም። ዓሣው ሲገፈፍ ሥጋው ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ራሱ፣ መንጋጋውና የጀርባ አጥንቱ ደግሞ ለአባ ኮዳና ለአሞራ ይጣላል።

ያ የሚጣለው ነገር ለሳይንስ ፋኩልቲ ቤተ መጻሕፍት ነው። ናይል ፐርች ታዳኙን እንዳለ የሚውጥ ነውና ጥርሱ እንደ ሞረድ የደቀቀ ነው። ሃይድሮሳይነስ የተባለው አዳኝ ከአፉ ውጭ የሚታዩ ሹል ጥርሶች አሉት። አምባዛ ሰፊ አፍና በንጣፍ የተሰደሩ ጥቃቅን ጥርሶች አሉት። ቆሮሶ በጉሮሮው ሁለተኛውን መንጋጋ ይዟል። ከዚህ ትንሽ ወደ ደቡብ፣ በታችኛው ኦሞና በቱርካና ሐይቅ፣ ጥርሶቹ ተጋጥመው እንደ ወፍ ምንቃር የሆኑለት፣ ቀንድ አውጣ የሚሰብር ፋሃካ የተባለ የሚነፋ ዓሣ አለ። አራት አምስት መንጋጋዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሌቨር፣ ግፊትና ውጥረት ከሰሌዳ ወርደው በእጅ ይዳሰሳሉ።

ያቀረብነው ሐሳብ ከባድ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። አንደኛ፣ ፋኩልቲው አንዲት ክፍልና ጥቂት መደርደሪያዎች ይመድብ። ከዓሣ አስጋሪዎች ማኅበራት ጋር በመስማማት ራስና መንጋጋው ይሰብሰብ፤ በሞቀ ውኃ ተቀቅሎ ሥጋው ይላቀቅ፤ ታጥቦ ይድረቅ። በእያንዳንዱ ላይ የዓሣው ዓይነት፣ ርዝመት፣ ክብደት፣ የተያዘበት ሥፍራና ቀን ይጻፍ። ይህ ጽሑፍ ከሌለ አጥንቱ አጥንት ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ የአንደኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪዎች የሌቨር ቤተ ሙከራቸውን በእንጨት ዘንግ ብቻ ሳይሆን በእነዚህ መንጋጋዎች ላይ ይሥሩ፤ ከመጋጠሚያው እስከ ጡንቻው መያዣና እስከ ጥርሱ ያለውን ርቀት ለክተው የኃይሉን ጥምርታ ያስሉ። ከባሕር ዳር የተለቀሙ ባዶ ዛጎሎችን በልሙጥና በሸንተረር ብረት ሥር አድርገው ክብደት እየጨመሩ ይስበሩ። ባዶና ደረቅ ዛጎል ከሕያው ይልቅ ተሰባሪ መሆኑን አይርሱ፤ ለቀንድ አውጣ ብለው ባዶ እጃቸውንና እግራቸውን ወደ ውኃው እንዳያስገቡም ይጠንቀቁ። የባዮሎጂ ተማሪዎች የዓሣውን ሆድ ዕቃ ይመርምሩ። ከዚያ ሁለቱ ቡድኖች ይገናኙ፤ ጥርሱ የሚለውና ሆዱ የሚለው ሲስማሙም፣ ይበልጡን ሲጣሉ፣ ይከራከሩ።

ሦስተኛው ሐሳባችን ከጋሞ ወጣ ያለ ነው። በሙገር፣ በደርባ፣ በድሬዳዋና በመቐለ ያሉት የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃ የኖራ ድንጋይ ነው። አገር መገንባት አለበትና ድንጋዩ አይፈለጥ የሚል የለም። ነገር ግን ለምድጃ የሚጫነው ድንጋይ የጥንቱ ባሕር መዝገብም ነው፤ አንዴ ተፈጭቶ ከተቃጠለ በኋላ የሚነበብ ገጽ አይኖረውም። በየአካባቢው ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ከድንጋይ ፈላጮችና ከፋብሪካዎች ጋር ወዳጅነት ቢመሠርቱ፣ ፈላጮቹም ምን ዓይነት ቅርጽ ሲያዩ ቆም ማለት እንዳለባቸው በሥዕል ቢማሩ፣ ቫዬሲዮ ለሜክሲኮ ያደረገችውን የእኛ ድንጋይ ለእኛ የማያደርግበት ምክንያት የለም። ቅሪተ አካል የሕዝብ ቅርስ ስለሆነ የተገኘው ነገር ወደ ግል ቤት አይወሰድም፤ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ወይም በአካባቢው ላለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይገባል።

ለሚነሡ ተቃውሞዎች

«የፊዚክስ መምህር ከዓሣ አጥንት ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ባልደረባ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ዶክትሬታችንን በተማርንበት የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ አንድ የፊዚክስ ተማሪ የአጥንት መሳቢያ ለመክፈት ቁልፍ ከመጠየቅ በቀር ምክንያት ማቅረብ አይጠበቅበትም ነበር። የእነርሱ ሀብት በመሣሪያ ብዛት ብቻ አይለካም። ከመቶ ዓመት በፊት የተጻፈ መለያ ያለው አጥንት ዛሬ ለማንም ጥያቄ ዝግጁ ሆኖ መጠበቁ ነው ሀብታቸው። ያ ሀብት የተጀመረው አንድ ሰው አንድ ቀን አንድ አጥንት ባለመጣሉ ነው።

«በጀት የለም» የሚለው ሁለተኛው ተቃውሞ ነው። ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በጀት አለመኖሩ እውነት ነው። ለድስት፣ ለማገዶ፣ ለካርቶንና ለእርሳስ በጀት የለም ማለት ግን ፈቃድ የለም ማለት ነው።

«ለአገር ምን ይጠቅማል?» የሚለው ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከበር ነው። መልሳችን ጫሞ ራሱ ነው። ባለፉት ዐሥርት ዓመታት የጫሞ የናይል ፐርች ምርት ከመጠን ባለፈ ማስገር ምክንያት በእጅጉ ማሽቆልቆሉን የዓሣ ሀብት ጥናቶች አሳይተዋል። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ዓሣው ምን ያህል ያድግ እንደነበር፣ ምን ይበላ እንደነበር፣ መንጋጋው ምን ይመስል እንደነበር በእጅ ይዞ ማወዳደር የሚቻለው በዚያን ጊዜ አጥንቱ ተሰብስቦ ቢሆን ነበር። ዛሬ የምንሰበስበው ደግሞ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ለሚጠየቀው ጥያቄ መልስ ይሆናል። የተመናመነ ዓሣ በጥንቃቄ ሊመለስ ይችል ይሆናል፤ ያልተሰበሰበ አጥንት ግን አይመለስም።

አባቶች «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላሉ። ተማሪዎቻችን ስለ ሌቨር የሚማሩት አይተውት በማያውቁት መሣሪያ ሥዕል፣ ስለ ቅሪተ አካልም የሚያጠኑት በሌላ አገር ዐለት ምሳሌ መሆኑ መዳብ አድርገን የቆጠርነው ወርቅ እንዳለን ያሳያል። ፕቲኮደስን የሚያህል ግዙፍ አዳኝ በጥርሱ ብቻ ታውቆ፣ አካሉ ሳይታይ ከመቶ ሰማንያ ዓመት በላይ መቆየቱ የተመራማሪዎቹ ስንፍና አልነበረም፤ ሌላ ማስረጃ አልነበራቸውም። እኛ ግን ሙሉው ዓሣ በየማለዳው በጀልባ እየመጣልን ነው። ይህ ጽሑፍ ለሚመለከታቸው የክፍለ ትምህርት ኃላፊዎች ሁሉ የቀረበ ጥሪ ይሁንልን። በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን መጀመሪያ የመጀመሪያው የናይል ፐርች ራስ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ቀንና ሥፍራው ተጽፎበት በመደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ፋኩልቲው አንድ እርምጃ ተራምዷል እንላለን።